ጥያቄና መልስ፦ የተዘበራረቀ ጽሑፍ እንዴት ይፈታል?

ጥያቄ፦ የቡና አቅራቢዎች ዝርዝር በሲኤስቪ ፋይል ተልኮልን በኤክሴል ስከፍተው አማርኛው የማይነበብ ምልክት ሆነብኝ። በአፋን ኦሮሞ የተጻፈው ግን ደህና ነው። ፋይሉ ተበላሽቷል ማለት ነው? (ከሂርማታ፣ ጅማ)

መልስ፦ አልተበላሸም፤ ኤክሴል አነባበቡን ስቶ ነው። ፋይሉ የተቀመጠው ዩቲኤፍ-8 በሚባል ፊደላትን በቁጥር የማስቀመጫ አሠራር ነው፤ በዚህ አሠራር አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት (የኮምፒውተር አነስተኛ የመረጃ ክፍል) ይይዛል። ኤክሴል ደግሞ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የላቲን ምልክት ቆጥሮታል። ልብ ብለው ካዩት ምልክቶቹ ሦስት ሦስት እየሆኑ ይሄዳሉ፤ የመጀመሪያው ሁልጊዜ አናቱ ላይ ጭረት ያለበት ‹ኤ› ነው። ቁቤው (የአፋን ኦሮሞ የላቲን ፊደል) የተረፈው ተራ የላቲን ፊደላት በሁለቱም አሠራር አንድ ዓይነት ባይት ስላላቸው ነው። ሁዻው (በቁቤ ቃል መሃል የሚገባው ጭረት) ጠማማ ሆኖ ከተጻፈ ግን እሱም ሦስት ምልክት ይሆናል።

ፋይሉን ሳያስቀምጡ ይዝጉት። ባዶ የኤክሴል ገጽ ከፍተው ‹ዳታ›፣ ቀጥሎ ‹ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ› የሚለውን ይጫኑ። ፋይሉን ሲመርጡ በሚመጣው መስኮት ‹ፋይል ኦሪጅን› ላይ 65001 ዩኒኮድ ዩቲኤፍ-8ን ይምረጡና ‹ሎድ› ይበሉ። የተዘበራረቀውን ጽሑፍ ገልብጦ ለማስተካከል አይሞክሩ፤ ለምሳሌ የ‹ም› ሦስተኛ ባይት በስክሪን ላይ ስለማይታይ ሲገለበጥ ሊጠፋ ይችላል።

ያዩት የጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ጽሑፉ ግዕዝን በማያውቅ አሠራር ተቀምጦ ጠፍቷል፣ ላኪው ድጋሚ ይላክልዎ። ባዶ ሳጥን ከሆነ ግን የጎደለው ፎንት ብቻ ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ይጫኑ።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ «ኑጉ ቀጫ ኦኖጉኔኞ» ብሎ ጽፎ ፍታው አለኝ። ከየት ልጀምር? (ተማሪ፣ ጅማ)

መልስ፦ ከሳድስ (እንደ ህ፣ ል፣ ም ካለው ስድስተኛ ፊደል) ጀምር። በአማርኛ ጽሑፍ በብዛት የሚመጣው ሳድስ ነው፤ እዚህ ግን አንድም የለም። በምትኩ ኦ፣ ኖ፣ ኞ የሚሉ ሳብዖች (ሰባተኛ ፊደሎች) ሞልተዋል። ስለዚህ ጓደኛህ እያንዳንዱን ፊደል አንድ እርከን ወደፊት ገፍቶታል። አንድ እርከን መልሰው፦ ኑ ወደ ነ፣ ኔ ወደ ና፣ ኞ ወደ ኝ። ግዕዝ (የመጀመሪያው) ላይ ያለው ቀ ወደኋላ ሲዞር ሳብዕ ይሆናል፣ ቆ። «ነገ ቆጪ እንገናኝ» ይላል፤ ቆጪ የጅማ ሰፈር ነው። በዚህ ዘዴ ያሉት አማራጮች 6 ብቻ ስለሆኑ ሁሉንም መሞከር ይቻላል።

ሳድሱ በቦታው በዝቶ ከታየ ግን የተገፋው ቤቱ (እንደ ነ፣ ኑ፣ ኒ ያለው የፊደል ረድፍ) ነው፤ ለምሳሌ በሀለሐመ ተራ አንድ ቤት ሲገፋ ‹ነው› ‹ኘዕ› ይሆናል። እዚህ 33 ቤት ስላለ 32 አማራጭ አለ። በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሁለት ፊደል ያለው፣ ግዕዝና ሳድስ የሆነ ቃል ፈልግና ‹ነው› ነው ብለህ ሞክር፤ ብዙውን ጊዜ ርቀቱን ወዲያው ይነግርሃል። አልሆን ካለ ጓደኛህ በአበገደ ተራ (በአ፣ በ፣ ገ፣ ደ በሚጀምረው ሌላ የፊደል ቅደም ተከተል) ቆጥሮ ይሆናል። ሀ፣ ሐና ኀ ድምፃቸው ቢመሳሰልም ቤታቸው የተለያየ ነውና አታደባልቃቸው።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም ‹ታሺ›፣ ‹ቾሎር› የሚል መልእክት ይደርሰኛል። ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ላኪው የአማርኛ ኪቦርድ ሳይቀይር እንግሊዝኛ ጽፏል። በድምፅ በሚጽፉ ብዙ ኪቦርዶች የ‹ኤክስ› ቁልፍ ሽን፣ የ‹ሲ› ቁልፍ ችን ያወጣል። ስለዚህ ‹ታሺ› ታክሲ፣ ‹ቾሎር› ከለር ነው። በአማርኛ መልእክት ውስጥ ን በኝ፣ ት በጥ ተተክተው ካዩ ደግሞ ‹ካፕስ ሎክ› ሳይጠፋ ቀርቷል።