«የሜርኩሪ ልጅ ነሽ» አሉኝ፤ ሥዕሉን ቤቴ ልስቀለው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ጀርመን አገር ነው። ሙዚየም ውስጥ አንድ የጥንት የጣሊያን ኅትመት አየሁ። ሜርኩሪ የሚባለው ጣዖት በሠረገላ ሰማይ ላይ ይሄዳል፤ ከሥሩ «ልጆቹ»፣ በእሱ ኮከብ ተወለዱ የሚባሉት፣ ይሠራሉ። ወድጄው ቅጂውን ገዛሁ። ጓደኛዬ ግን «ኮከብሽ እሱ ነው፣ እጅሽ ሥራ የሚወደው ለዚህ ነው» አለችኝ። ብሰቅለው ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሥዕሉን አውቀዋለሁ። የፍሎረንሱ አንጥረኛ የባቺዮ ባልዲኒ ሥራ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1460ዎቹ መዳብ ላይ ተቀርጾ የታተመ ነው፤ ሰባቱን ፕላኔቶች ከሚያሳዩ ሰባት ኅትመቶች አንዱ። ሜርኩሪ በእኛ አሮጌ መጻሕፍት አጣርድ የሚባለው ፕላኔት ነው።

እስቲ ሠረገላውን ተዪውና ወደ ታች ተመልከቺ። አንጥረኛው ሱቁ ውስጥ ሥራው ላይ ነው። ሠዓሊው መወጣጫ ላይ ሆኖ ግድግዳ ይቀባል። ሌላው ድንጋይ ይጠርባል። ባልዲኒ የሣለው የገዛ ከተማውን ሰው ነው። የዚያ አንጥረኛ እጅ የተፍታታው ከልጅነቱ ጀምሮ መዶሻ ይዞ ስለ ለፋ ነው። አጣርድ መዶሻ አላቀበለውም። አንቺም እጅሽን ያገኘሽው ከፈጣሪሽ ነው፤ ሙያውን ደግሞ ለፍተሽበታል።

ፀሐይና ጨረቃ በአራተኛው ቀን የተፈጠሩ አገልጋዮች ናቸው፤ ዘፍጥረት 1፥14ን አንብቢ። በባሕረ ሐሳብ ጾምና በዓል የምናወጣው በእነሱ ነው። የእናትን ስም ደምሮ ዐውደ ነገሥት በሚባለው የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ዕጣ መንገር ግን ሌላ ነገር ነው። ቅዱስ ባስልዮስ ኮከብ ቆጣሪዎችን ሲሞግት፣ ክፋትና ደግነት ከኮከብ ከመጣ ሕግና ዳኛ ምን ይሠራሉ ይላል። እውነትም ሌባው ምን አጠፋ?

«ሰብአ ሰገልስ?» እንዳትዪኝ። ያ ኮከብ ሕፃኑን አገለገለ እንጂ አልገዛውም።

በአንቺው አገር የሆነውን ደግሞ ላጫውትሽ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1524 ፕላኔቶች በዓሣ ኮከብ ስለሚገናኙ የጥፋት ውኃ ይመጣል ተባለ። የኑረምበርጉ ሠዓሊ ኤርሃርድ ሾን ለአንድ የትንቢት መጽሐፍ ሽፋን ሠራ፤ ሆዱ ኮከብ የሞላ ትልቅ ዓሣ ከተማ ላይ ውኃ ያፈሳል። የተባለው የጥፋት ውኃ አልመጣም። በዚያው ሽፋን ላይ ገበሬዎችም ስላሉ፣ በዓመቱ የገበሬዎች ዐመፅ ሲነሣ «ደረሰ!» ያሉ አይጠፉም። ገበሬው ግን የተነሣው ግብርና ጭሰኝነት ስላንገፈገፈው ነው።

ስለዚህ ሳሎንሽ ስቀዪው፣ ጥበቡ ደስ ይላል። ከሥዕለ አድኅኖ ጎን ግን አይሁን። ኮከብ አስቆጥረሽ የምታውቂ ከሆነ ደግሞ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ።