ሲያስልሽ ሽንት ለሚያመልጥሽ እህቴ፦ እኔ የደበቅኩትን አትደብቂ

እህቴ፣ ከሦስተኛ ልጅሽ ወዲህ ሲያስልሽና ስትስቂ ሽንት እንደሚያመልጥሽ፣ ሐኪሙም «ኦፕራሲዮን ተሠሪ» እንዳለሽ ጽፈሻል። «ልሠራው ወይስ ይቅርብኝ?» ላልሽው፣ እኔ ከተሠራሁ 2 ዓመት ሆኖኛል። አሁን ጉንፋን ሲይዘኝ አልደነግጥም። ግን በአንድ ውሸት ብዙ ተሰቃይቻለሁ።

1. መጀመሪያ የዳሌ ጡንቻ ስፖርቱን፣ ማለትም ሽንት ስንይዝ የምናጠብቀውን ጡንቻ ማጠንከሪያውን፣ 3 ወር ሙሉ ሞክሪ። የሚያሳይሽ ባለሙያ ፈልጊ። እኔ ብቻዬን ስሠራ ለካ ሆዴን ነበር የምወጥረው።

2. ለሐኪሙ ሁሉንም ንገሪ። ካርድ ክፍል ስደርስ መዝጋቢዋ «ምንሽን ነው?» አለችኝ። ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብዬ በሹክሹክታ ነገርኳት። «ጮክ በይ እንጂ! ሽንት ነው የሚያመልጥሽ?» ብላ ሰልፉን ሁሉ አሰማችው። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። እንደተሸማቀቅኩ ሐኪሙ ጋ ገባሁ።

«ሲያስነጥስሽ ያመልጥሻል?»

«አዎ።»

«ድንገት አጣድፎሽ ሽንት ቤት ሳትደርሺስ?»

«ኧረ የለም።»

ነበረኝ። የቤቴን በር እስክከፍት እንኳ መያዝ ያቅተኝ ነበር።

ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። በሳልና በሳቅ የሚያመልጠው የሽንት ቧንቧው ድጋፍ ሲላላ ነው፤ ኦፕራሲዮኑ ለእሱ ነው። የሚያጣድፈው ግን ፊኛው ያለጊዜው ሲኮማተር ነው፤ ለእሱ መድኃኒትና የፊኛ ልምምድ አለ። ኦፕራሲዮን አንዳንዴ ጭራሽ ያባብሰዋል። እኔ ላይ ባሰ። 5 ወር ሞዴስ አልተለየኝም፤ እውነቱን ተናግሬ መድኃኒት ስጀምር ነው የረገበልኝ።

በምን እንደሚሠሩሽም ጠይቂ። እኔን ከሆዴ ጡንቻ ሽፋን ላይ ቀጭን ሰቅ ቆርጠው ቧንቧውን ከሥር ደገፉልኝ። ሌላው የፕላስቲክ መረብ ነው። ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ቶሎ ያገግማሉ። ግን አንዳንድ ሴቶች ላይ መረቡ ሥጋውን በስቶ ይወጣል፤ እንግሊዝ በ2018 ለጊዜው ያስቆመችው ለዚህ ነው። ሌላ ልጅ ካሰብሽ ደግሞ ከወለድሽ በኋላ ይሁን፤ እርግዝና ሥራውን ሊያበላሸው ይችላል።

ከተሠራሁ በኋላ ሽንቴ አልወጣ ብሎ ካቴተር (ሽንት የሚያስወጣ ቀጭን ቱቦ) ይዤ ነው ቤት የገባሁት። 9 ቀን ቆየ። ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም፤ አንቺ ግን እወቂው፣ የሚያጋጥም ነገር ነው። 6 ሳምንት ጄሪካን የለም፣ ልጅ ማዘል የለም። ትንሹን ማን እንደሚያዝልልሽ ካሁኑ አስቢ።

ለክትትል ስሄድ ያቺው መዝጋቢ ነበረች። ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ቀጥ ብዬ ቆሜ «የሽንት ኦፕራሲዮን ክትትል ነው» አልኳት፣ ሰልፉ እየሰማ። ካርዴን ዝም ብላ አወጣችልኝ።