ራሷን የዘጋችው መንደር፦ ስለ ኢም የጠየቃችሁኝ

እንግሊዝ አገር፣ ደርቢሻየር ውስጥ ስላለችው፣ በ1665 ቸነፈር ገብቶባት በሽታው ወደ ሌላ እንዳይዛመት ራሷን ስለዘጋችው ስለ ኢም መንደር ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ቀኖቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

«ቸነፈሩ እዚያ ገጠር ድረስ እንዴት ደረሰ?»

በጨርቅ ነው ይባላል። በ1665 ለመንደሩ ልብስ ሰፊ ከለንደን ጨርቅ ተላከለት። እርጥብ ስለነበር እሳት ዳር ተሰጣ። በሽታውን የሚያስተላልፍ ቁንጫ ነበረበት። እዚያ ቤት ይሠራ የነበረው ጆርጅ ቪካርስ ታመመ፤ ሴፕቴምበር 7 ተቀበረ።

«ሰዎቹ ለምን አልሸሹም?»

መጀመሪያ ላይ የሸሹ ነበሩ። በጁን 1666 ግን ቄሱ ዊሊያም ሞምፐሰን «በሽታውን ወደ ጎረቤት አናሻግር፣ ማንም እንዳይወጣ» አሉ። ችግሩ፣ ሞምፐሰን ለመንደሩ አዲስ ነበሩ። ሕዝቡ የሚሰማው ከሥራቸው የተነሱትን የቀድሞውን ቄስ፣ ቶማስ ስታንሊን ነበር። ሁለቱ በእምነት ሥርዓት አይስማሙም። ያኔ ግን አብረው ቆሙ። ለእኔ የታሪኩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው፤ ስታንሊ ባይደግፏቸው ሰዉ እሺ የሚል አይመስለኝም። የሞምፐሰን ባለቤት ካትሪን ልጆቿን ቀድማ ወደ ሌላ ቦታ ላከች፣ እሷ ግን ቀረች። ኦገስት ላይ ሞተች። መቃብሯ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ አለ።

«ታዲያ ምን በሉ?»

የዴቮንሻየሩ ኧርል (ባላባት) ከመኖሪያቸው ከቻትስዎርዝ ቀለብ ይልኩ ነበር። የአጎራባች መንደር ሰዎችም ምግብ ድንበር ላይ አስቀምጠው ይመለሳሉ። እዚያ ስድስት ቀዳዳ ያለው ድንጋይ አለ። የኢም ሰዎች የምግቡን ዋጋ ሳንቲም ኮምጣጤ በሞላው ቀዳዳ ውስጥ ይተዉታል፣ ኮምጣጤው በሽታውን ያጠፋል ብለው። ድንጋዩ ዛሬም ሜዳው ላይ ነው። ጣታችሁን ክተቱበት፤ የቀዳዳዎቹ ጠርዝ ለስልሷል።

«ስንት ሰው ሞተ?»

260 ገደማ። የመጨረሻው ሰው የሞተው ኖቬምበር 1 ቀን 1666 ነው። ቁጥሩን ግን ትታችሁ ከመንደሩ ወጣ ብሎ ያለውን የራይሊ መቃብር እዩ። ኤልዛቤት ሃንኮክ ባሏንና ስድስት ልጆቿን በስምንት ቀን ውስጥ እዚያ ቀበረች። በገዛ እጇ።

«መቼ ብሄድ ይሻላል?»

በኦገስት የመጨረሻ እሑድ። መታሰቢያው የሚደረገው «ከክለት ዴልፍ» በሚባለው ሸለቆ ነው፤ ያኔ በሽታውን ፈርተው፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተራርቆ፣ ደጅ የጸለዩበት ቦታ ነው። በባቡር ከሆነ ግሪንድልፎርድ ውረዱ።

«ቤቶቹን ፎቶ ማንሳት ይቻላል?»

ከመንገድ ላይ፣ አዎ። ቸነፈሩ በገባባቸው አንዳንድ ቤቶች ፊት የሟቾቹ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ አለ። እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። አጥሩን ግን እባካችሁ አትለፉ፤ ሰው ይኖርበታል።