ያፈርሽበት ማስታወቂያና ያላየሽው ደመና

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። አቤቱታና የኪራይ ውል እጽፋለሁ፣ መታወቂያ ስካን አደርጋለሁ። ባለፈው አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠው የውርስ ጉዳይ እያስጻፉኝ ሳለ፣ ከስክሪኑ ጥግ የስፖርት ውርርድ ማስታወቂያ ብቅ አለ። ጡንቻውን ያበጠ ልጅ ብር እየበተነ! ሽማግሌው «አስተግፊሩላህ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 11 ነው። የምጽፈውን እያነበበ ነው የሚልክብኝ? የእህቴ ልጅ «በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ጫኚና ተገላገይ» ይለኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ የሽማግሌውን ውርስ ያነበበ የለም። ያ ማስታወቂያ ከዊንዶውስ የመጣም አይመስለኝም። አንድ ቀን አንድ ድረ ገጽ «ኖቲፊኬሽን ልላክልሽ?» ብሎ ጠይቋል፣ አንድ ሰው ደግሞ «አላው» የሚለውን ተጭኗል። ከዚያ ወዲህ ገጹ ቢዘጋም ይልካል። ክሮም ውስጥ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ ሳይት ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኖቲፊኬሽንስ ግቢና የማታውቂውን ሁሉ አጥፊ። የእህትሽን ልጅም ጠይቂው፤ ቅዳሜ ኳስ የሚያየው በማን ኮምፒውተር ነው?

የዊንዶውስ የራሱ ማስታወቂያ ሌላ ነው። ስታርት ስትጫኚ ያልጫንሽው አፕ «ይሞከር» እያለ ይመጣል። ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የማስታወቂያ መለያ ቁጥር ይሰጣል፤ አፖች በዚያ ቁጥር ልማድሽን ይከታተላሉ። ሴቲንግስ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ገብተሽ «አድቨርታይዚንግ አይዲ» የሚለውን ዝጊ። ይህን ስትዘጊ የማስታወቂያው ብዛት አይቀንስም፤ አንቺን አጥንቶ መምጣቱ ነው የሚቀረው። እዚያው «ዳያግኖስቲክስ» ውስጥ፣ ማለትም ስለ ኮምፒውተርሽ ለማይክሮሶፍት የሚላከው መረጃ ጋ፣ ኦፕሽናል የሚለውን ዝጊ። ግዴታ የተባለው መረጃ ግን በተራ ዊንዶውስ ላይ መላኩን አያቆምም። ይህ እኔንም ያናድደኛል፤ ገንዘብ የተከፈለበት ዕቃ ነው።

አሁን ወዳልጠየቅሽኝ ልምጣ። ከሰዓቱ አጠገብ ትንሽ ደመና አለች? ዋንድራይቭ ትባላለች። በማይክሮሶፍት አካውንት የገባሽ ከሆነ ዴስክቶፕሽን፣ ዶክመንትስሽንና ፎቶዎችሽን ወደ ኩባንያው ሰርቨር ቀድታ ልታስቀምጥ ትችላለች። ብዙ ሰው ኮምፒውተሩን ሲከፍት «ኔክስት፣ ኔክስት» እያለ ነው የሚፈቅድላት። ያ ማለት የሰው መታወቂያ፣ የሰው የፍቺ ወረቀት፣ የሽማግሌው ውርስ ማመልከቻ ሁሉ አንቺ ሳታውቂ ከደሴ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። የዳታ ጥቅልሽንም ትበላለች። ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ፣ መጥፎ ነው አልልም፤ ለራስሽ ፎቶ ደግ ነገር ነው። የደንበኛ ወረቀት ግን አማና ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የሰው መረጃ በእጁ የያዘን ሰው ይመለከታል።

ስታጠፊያት ግን አትቸኩዪ። መጀመሪያ ፋይሎችሽን ዲ ድራይቭ ወይም ፍላሽ ላይ ቅጂ። ብዙ ሰው ባክአፑን ሲያቆም ዶክመንትስ ባዶ ሆኖ ይታየውና ይደነግጣል፤ ፋይሎቹ ዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ ስለሚቀሩ ነው። እዚያው ፎልደር ውስጥ ብታጠፊያቸው ደግሞ ከሰርቨሩም ከኮምፒውተርሽም ይሄዳሉ። ስለዚህ መቅዳት ይቅደም፣ ቀጥሎ ባክአፑን ማቆም፣ ከዚያ ነው የደንበኞቹን ከሰርቨሩ ማጥፋት። ከእንግዲህ ስካን የምታደርጊውን ዲ ላይ አስቀምጪ፤ ባለቤቱ ወረቀቱን ይዞ ሲሄድም ሰርዢው። የሦስት ዓመት መታወቂያ ምን ያደርግልሻል?

ሊኑክሱን በተመለከተ ልጁ አልተሳሳተም፤ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያም የለበትም ማለት ይቻላል። ማለት ይቻላል ያልኩት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት በገዛ ኮምፒውተርሽ ላይ የፈለግሽውን ቃል ወደ ኩባንያው ሰርቨር ልኮ የአማዞንን ሸቀጥ ያሳይሽ ስለነበር ነው። ተጠቃሚው ጮኸ፣ በ2016 ሳትከፍቺው የማይሠራ ሆነ። አንቺ ጋ ግን ችግሩ ሌላ ነው። ጣትሽ በዊንዶውስ የሚሠራውን የአማርኛ መጻፊያ ፓወር ግዕዝን ለምዷል፤ በድሮ ፎንት የተጻፈ ሰነድም ሞልቶሻል። ስለዚህ ልጁ ምንም ሳይጭን ሊኑክሱን ከፍላሽ ያስነሳልሽ። ከዚያ ያለፈውን ዓመት አንድ አቤቱታ ከፍቶ በፕሪንተርሽ ያትምልሽ። ፊደሉ ሳይበላሽ ከወጣ እንደገና ጻፊልኝ።