«ፑር ፊዲንግ» ብለሽ አትለፊው

እህቴ፣ የጠየቅሽው ይኼን ነው፦ ሴሬብራል ፓልሲ (እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ጉዳት) ያለበት የ14 ወር ልጅ ሲመገብ ትን ይለዋል። ካርዱ ላይ «ፑር ፊዲንግ» (በደንብ አይመገብም) ጻፍሽ። የሕመም ኮድ የሚሰጠው የኤችኤምአይኤስ (የጤና መረጃ ሥርዓት) ባለሙያ «አር 13 ልበለው ወይስ አር 63.3?» ብሎ ካርዱን መለሰልሽ። ከኢንተርኔት ያገኘሽውን አር 13.12 ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ አጣሽው።

እሱ የአሜሪካኖች ቅጂ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ኮድ ዝርዝር፣ በአይሲዲ 10 ላይ፣ አር 13 ብቻውን ነው የቆመው፣ ቅርንጫፍ የለውም። አትልፊበት።

አር 13 መዋጥ ሲያስቸግር ነው። አር 63.3 ልጁ መዋጥ እየቻለ አልበላም ሲል፣ ወይም አመጋገቡ ሲበላሽ ነው። 28 ቀን ያልሞላው ጨቅላ ከሆነ ወደ ፒ 92 ይሄዳል። ያንቺው ልጅ አር 13 ነው፤ ዋናው ሕመም ግን ሴሬብራል ፓልሲው፣ ጂ 80፣ ስለሆነ ሁለቱም ይጻፉ። አር 13 ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም።

ባለሙያው ግን ይኼን ከየት ያውቃል? «ፑር ፊዲንግ» ላይ አፉ የቆሰለውም፣ ጡት እምቢ ያለውም፣ ትን የሚለውም እኩል ናቸው።

እኔ ይኼን የተማርኩት አንድ ከማቻከል የመጣ ልጅ ላይ ነው። ሦስት ጊዜ ለሳንባ ምች ተኝቷል፤ ሦስቴም ካርዱ ላይ «ፑር ፊዲንግ» ተጽፏል። አንዱ የእኔ ጽሑፍ መሆኑን ሳይ አፈርኩ። እናቱን «እስኪ እንደ ቤትሽ አብዪው» አልኳት። ጉልበቷ ላይ አንጋለለችው፣ ቀጭን የገብስ አጥሚት በመዳፏ ጋተችው። ሦስቱን ዋጠ። አራተኛው ላይ ትን አለው፣ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ከዚያ ልቅሶው ውሃ ያለበት መሰለ። ቀና አድርገን ወፈር ያለውን በማንኪያ ስንሰጠው አልሳለም።

የጻፍኩት ይኼንኑ ነው፦ ምን ሰጠችው፣ ልጁ እንዴት ነበር፣ ስንተኛው ላይ፣ ድምፁ ምን ሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ። አምስት መስመር አይሞላም። ሐኪሙ ካርዱን አንብቦ የሳንባ ምቹን ከምግቡ ጋር አያይዞ ጻፈው፤ ጄ 69.0 (ምግብ ወይም ትውከት ሳንባ ገብቶ የሚያመጣው ምች) የተሰጠው ያኔ ነው። ሐኪሙ ሳይጽፈው ኮድ ሰጪው ገምቶ ማስገባት የለበትም።

አልሳለም ማለት ግን ወደ ሳንባው አልገባም ማለት አይደለም። ሳይሳሉ የሚገባባቸው አሉ። በኤክስሬይ እያዩ የሚደረገው የመዋጥ ምርመራ ካልተሠራለት «ይጠረጠራል» በይ፣ ኮዱም የታየው ምልክት ላይ ይቁም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ ተቆርጦ እንደሆነ ጠይቂ። እዚህ እኛ ጋ እናት ካልተጠየቀች አትነግርሽም። ከነገረችሽ መቼ እንደተቆረጠም ጻፊው።