የጀራኒየም ዘይት፦ ጥያቄያችሁና መልሴ

ሳሙናና ቅባት የምትሠሩ የድሬና የሐረር ሰዎች፣ ስለ ጀራኒየም ዘይት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎርፏል። በመጣበት ቅደም ተከተል፣ ጠያቂውን በሰፈሩ ስም እየጠራሁ እመልሳለሁ። ከሁሉ በፊት ግን፦ ይህ ዘይት አይጠጣም። ሳይቀጠን ቆዳ ላይ አይደረግም። ደጋግሜ እናገረዋለሁ፣ አትሰልቹ።

ከሳቢያን፦ መምህር፣ ጀራኒየም ለምን ለምን ይጠቅማል?

ለሳሙና፣ ለቅባት፣ ለሽቶ። ጥያቄሽ በጣም ሰፊ ነው እህቴ። ምን ልትሠሪበት እንዳሰብሽ ጻፊልኝና እመለስበታለሁ።

ከጀጎል፦ ሁለት ጠርሙስ ገዛሁ። አንዱ የግብፅ ይላል፣ ሌላው ቡርቦን። ሽታቸው አይገናኝም። አንዱ የውሸት ነው ማለት ነው?

ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! ሁለቱም እውነተኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ተክሉ የደቡብ አፍሪካ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ፔላርጎኒየም። ለዘይት የሚተከለው በአብዛኛው ድቅል ዝርያ ነው። ዘይቱ ከአበባው የሚወጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ የሚወጣው ከቅጠሉና ከለጋ ግንዱ ነው። ቅጠሉን በጣት አሸት አድርጋችሁ ብታሸቱት ወዲያው ይገባችኋል።

የጽጌረዳውን ጠረን የሚሰጡት ሲትሮኔሎልና ጄራኒዮል ናቸው። ናና ናና የሚለው አይሶመንቶን ነው። እነዚህ በሁለቱም ጠርሙሶችሽ ውስጥ አሉ። ቡርቦን የሚባለው መነሻው በሕንድ ውቅያኖስ ያለችው የሬዩኒየን ደሴት ነው። እሱ ውስጥ ጓያዳይን የሚባል ነገር አለ። በግብፁ ውስጥ ደግሞ በዚያ ቦታ ኢፒ ጋማ ዩዴስሞል ይገኛል። ላቦራቶሪ አገራቸውን የሚለየው በነዚህ ነው። የቻይናው፣ ከዩናን ግዛት የሚመጣው፣ ወደ ቡርቦኑ ያደላል፤ ሲትሮኔሎሉ ከፍ ይላል። ዛሬ ገበያውን የያዙት ግብፅና ቻይና ናቸው። ከሬዩኒየን የሚወጣው በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ በርካሽ የሚሸጥ ቡርቦን ካያችሁ ጠርጥሩ።

አሁን ሁለቱን ጠርሙሶች አውጪ። ነጭ ወረቀት በቀጭኑ ቁረጪ፣ ጫፉ ላይ አንድ አንድ ጠብታ ጣይ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ጻፊበት። መጀመሪያ የሚመጣው ቅጠል ቅጠል፣ ናና፣ ትንሽ ሎሚ ነው። ቆይቶ ጽጌረዳው ይወጣል። ማታ ተመልሰሽ ስታሸቺው እንጨት እንጨት የሚል ነገር ይቀራል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ጣፋጭ ሽታ ብቻ ከሆነ፣ የያዝሽው ፋብሪካ የሠራው ሽቶ ሊሆን ይችላል።

ከገንደ ቆሬ፦ ወረቀቱ ላይ የዘይት ክብ ቀረብኝ።

በምግብ ዘይት ተበርዟል። ንጹሑ ተንኖ ይጠፋል፤ ቢቀር ፈዘዝ ያለ ቀለም ነው። ወረቀቱ ንጹሕ ሆነ ማለት ግን ዘይቱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ፋብሪካ የሠራው ጄራኒዮልም ይተናል። ውሃ ላይ ይንሳፈፋል የሚለውን ፈተና ደግሞ እርሱት፤ የተበረዘውም ይንሳፈፋል።

ከመጋላ፦ ዋጋው ስንት ነው?

ነጋዴ ጠይቅ።

ከከዚራ፦ ቢንቢ ያባርራል ይባላል። ልጆቼን ማታ ማታ ብቀባቸውስ?

ትንሽ ያባርራል፣ ግን ቶሎ ይተናል። በድሬ ሙቀት ደግሞ ይብሳል። እህቴ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ አልቀልድም። ይህ ከተማ ትንኝ የሚያስተላልፋቸውን በሽታዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ ያየ ነው። በ2022 ደግሞ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የሚባለው ትንኝ ያመጣው ወባ ነበር። የዴንጊውም የዚህኛውም ትንኝ የሚራባው እኛ ቤት ባጠራቀምነው ውሃ ውስጥ ነው። በርሜላችሁን ክደኑ። አጎበር ዘርጉ። የዴንጊው ትንኝ በቀን ስለሚናከስ ቀን የሚተኛ ሕፃንም አጎበር ያስፈልገዋል። ትኩሳት ከመጣ ወደ ጤና ጣቢያ። ጀራኒየምን ለሽታው ውደዱት፣ ለመከላከያ ግን አትመኑት።

ከሳቢያን፦ እኛ ቤት ግን ሠርቷል፣ መምህር።

ከከዚራ፦ እናንተ ቤት ፋን አለ፤ ቢንቢው ፋኑን ነው የሸሸው!

ይብቃ። መልሴን ሰጥቻለሁ። ወደሚቀጥለው።

ከሸንኮር፣ ሐረር፦ ለሰርግ ሂና ስንበጠብጥ ጀራኒየም ብንጨምር ቀለሙ ይደምቃል?

ሊደምቅ ይችላል። እንደ ጄራኒዮል ያሉ አልኮሎች የበዙበት ዘይት የሂናው ቀለም ቆዳ ውስጥ እንዲገባ ያግዛል።

ከአዲስ ከተማ፦ እናቶቻችን መቼ ዘይት ጨመሩ? በሻይ ተበጥብጦ ያደረ ሂና ይበቃል።

ከሸንኮር፦ በሻይ? እኛ ጋ በሎሚ ነው። የድሬ ሂና ለዚህ ነው ቶሎ የሚለቀው።

ከአዲስ ከተማ፦ ሐረር ላይ የተቀባሁት በሳምንቱ ለቋል፣ እስቲ እሱን አስረጂኝ!

ሻዩም ሎሚውም ኮምጣጣነት ስላላቸው ይሠራሉ፤ ተስማሙ። የምፈራው ሌላ ነገር ነው። በአንድ ሰዓት ጥቁር የሚሆን «ጥቁር ሂና» ካቀረቡላችሁ እጃችሁን አትስጡ። የፀጉር ማጥቆሪያ ኬሚካል የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል፤ ቆዳ ያቆስላል፣ ጠባሳ ይተዋል። ሙሽራ አይደለም ማንም አይቀባው። ዘይት የገባበት ሂና ደግሞ ለትንንሽ ልጆችና ለነፍሰ ጡር ይቅር።

ከለገሃሬ፦ ለፊት ስንት ጠብታ?

10 ሚሊ ሊትር የሰሊጥ ዘይት ላይ 2 ጠብታ። ይህ ወደ 1 በመቶ ይሆናል። መጀመሪያ ክንዳችሁን በውስጥ በኩል ትንሽ ቀቡና አንድ ቀን ጠብቁ። ጄራኒዮልም ሲትሮኔሎልም የሚያሳክኩት ሰው አለ።

ከዲፖ፦ ንጹሑን ብቀባ ቶሎ አይሠራም?

ወንድሜ፣ ከላይ ምን አልኩ? ሳይቀጠን አይደረግም።

ከጅኔላ፣ ሐረር፦ ለሆድ ቁርጠት በሻይ ብወስደውስ?

አይጠጣም። ሐኪም ጋ ሂድ።

ከአቦከር፣ ሐረር፦ ግቢዬ ውስጥ ጽጌረዳ የሚሸት ጀራኒየም አለኝ። ዘይቱን ራሴ ማውጣት እችላለሁ?

ትችላለህ፣ ግን መጠኑን ቀድመህ እወቅ። ከቅጠሉ ክብደት ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ ነው የሚገኘው። 10 ኪሎ ቅጠል ለቅመህ ከ10 እስከ 20 ግራም ታገኛለህ፣ ያውም በጥሩ ማንጠሪያ። ይህም ሆኖ ከጽጌረዳ ይሻላል፤ አንድ ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ከ3,000 ኪሎ በላይ የአበባ ቅጠል ይፈልጋል። ውዱን የጽጌረዳ ዘይት በጀራኒየም የሚበርዙት ለዚህ ነው።

አሠራሩ እንደ አረቄ ማውጣት ነው፦ እንፋሎቱ ቅጠሉን አልፎ በቱቦ ይሄዳል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲያልፍ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። ቅጠሉን ግን ውሃው ውስጥ አትቀቅለው። ከውሃው በላይ ወንፊት ላይ አድርገው። ሲቀቀል ለስለስ ያለውን ሽታ የሚሰጡት ነገሮች ይፈርሳሉ። አሉሚኒየም ድስት ተው፣ አይዝጌ ብረት ይሻላል። በከሰል ላይ ሳለ ትተኸው አትሂድ።

የምትለቅምበትን ጊዜ ደግሞ አፍንጫህ ይነግርሃል። ቅጠሉ ገና ለጋ ሳለ ሎሚ ሎሚ ይላል። አረንጓዴው ፈዘዝ ሲልና ሽታው ወደ ጽጌረዳ ሲዞር ያኔ እጨደው። የታጨደው ጥላ ላይ ትንሽ ይጠውልግ፣ ፀሐይ አይንካው። ከማንጠሪያው የተረፈውን ውሃ አትድፋው፣ እሱም ይሸታል፤ በንጹሕ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠህ ቶሎ ጨርሰው።

ከሳቢያን፦ ድሬ ላይስ ይበቅላል?

ከአቦከር፦ ድሬ ላይማ ይነዳል!

ይበቅላል። ግብፅም ሞቃት ናት። እውነት ነው፣ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ይመቸዋል። ድሬ ላይ ከሰዓት በኋላ ጥላና ሳይቋረጥ ውሃ ይፈልጋል፣ ሥሩ ላይ ውሃ መተኛት ግን የለበትም። በዘር አትድከሙ፣ ቁራጭ ተክሉ። ብዙ ለመትከል ያሰበ ሰው ወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከልን ይጠይቅ፤ መዓዛማ ተክሎች ላይ የሚሠሩት እነሱ ናቸው።

ከመጋላ፦ ፓልማሮዛ በጀራኒየም ስም ሸጡልኝ። አንድ ናቸው?

አይደሉም። ፓልማሮዛ የሣር ዘይት ነው፣ ከሎሚ ሣር ወገን። ጄራኒዮሉ ስለሚበዛ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይላል፣ ናናው ግን የለውም። ለሳሙና ጥሩ ነው፤ በራሱ ስም ይሸጥ። ስትገዙ መለያው ላይ ሳይንሳዊ ስሙን፣ አገሩንና ከየትኛው የተክሉ ክፍል እንደወጣ ፈልጉ። ሦስቱም ከሌሉ ተዉት።

ከለገሃሬ፦ እንዴት ላስቀምጠው?

ጥቁር ብርጭቆ ጠርሙስ፣ ክዳኑ የጠበቀ፣ ቤት ውስጥ በጣም ቀዝቃዛው ቦታ። ፕላስቲክ ውስጥ አይገለበጥም። መኪና ውስጥ አታሳድሪው። ጠርሙሱ ሲጎድል ወደ ትንሽ ጠርሙስ ቀይሪው፤ አየር በገባበት ቁጥር ይበላሻል፣ የተበላሸው ደግሞ ቆዳ ያሳክካል።