የመሥሪያ ቤት የኅትመትና የጽሕፈት ዕቃ ጨረታ፦ እንግባ ወይስ ይቅርብን?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ሦስት ሆናችሁ በጥቃቅን ተደራጅታችሁ ኮምቦልቻ ትንሽ ማተሚያ ቤት ከፍታችኋል፤ አንድ ወረዳ የኅትመትና የጽሕፈት ዕቃ ጨረታ አውጥቷል፤ «ክፍያ ያንገላታሉ ሲሉ ሰማን፣ እንግባ ወይ?» ነው ያልሽው። እኔ ደሴ ላይ በዚሁ ሥራ 11 ዓመቴ ነው። አብሽሪ፣ ግቡ። ግን ሰው የሚፈራው ሌላ፣ የሚጎዳው ሌላ ነው።

ማስታወቂያውን ሦስታችሁም ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። በኩር ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ሁሉ አንድ ስለሚመስል ሰው ዘልሎ ዋጋ መሙያው ላይ ይደርሳል። አሸናፊው በሎት (አብረው በተመደቡ ዕቃዎች) ድምር ነው የሚለየው ካለ፣ ከ40 ዕቃ አንዷን፣ የስቴፕለር ሽቦ እንኳ ብትሆን፣ ሳትሞሉ ከተዋችሁ ወደቃችሁ። በነጠላ ዋጋ ካለ የምትችሉትን ብቻ ሙሉ። ኅትመቱ ለብቻው ሎት ከሆነ በሱ ጀምሩ፤ ወረቀትና ቶነሩን መርካቶ ድረስ እጁ የረዘመ ነጋዴ ይፎካከርበት። የጨረታ ማስከበሪያውን በሲፒኦ (በባንክ በተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ወይም በመሂ 1 (ጥሬ ብር ገቢ ሲደረግ በሚቆረጥ ደረሰኝ) ከማስያዝ ያደራጃችሁ ጽሕፈት ቤት የዋስትና ደብዳቤ ይጻፍላችሁ። ደብዳቤው በአንድ ቀን አይወጣም፣ ፈራሚው ሁሌ ስብሰባ ነው፤ ማስታወቂያው አየር ላይ በዋለ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ። ግዥው ከዚህን ያህል ብር በላይ ከሆነ የቫት ተመዝጋቢ መሆን ያስፈልጋል የምትለዋን ዐረፍተ ነገርም እንዳታልፏት።

አሁን ወደ ክፍያው። አንድ ዓመት ሰኔ 22 ቀን 60 ካርቶን ወረቀትና 300 ቦክስ ፋይል በአይሱዙ ጭኜ አንድ ወረዳ ደረስኩ። የንብረት ክፍሏ ሴት ደግ ናት፣ ቡና ሁሉ አስፈልታልኝ ነበር። ዕቃው ኮሪደሩ ላይ ተደረደረ። «ኮሚቴው ሳያየው ሞዴል 19 አልቆርጥም» አለችኝ፤ የዕቃ መረከቢያ ደረሰኙን ማለቷ ነው፤ ልክ ነበረች። ከሦስቱ የኮሚቴ አባላት አንዱ ለቅሶ ሄዷል። በማግስቱ መጣና ቦክስ ፋይል ከፍቶ ብረቱን በአውራ ጣቱ ጫን ቢለው ሁለቱ ጥርሶች በሩዝ ፍሬ ያህል ተላልፈው ቀሩ። ሌላ አነሳ፣ ያው። ለናሙና ያስገባሁትን ከመደርደሪያ አወጣና ከፈተው፤ ቀጭ ብሎ ገጠመ። ለካ መርካቶ ያለው ሰውዬ «ያው ነው» ብሎ ሌላ ዓይነት ጭኖልኝ ነበር፤ እኔም ካርቶን ሳልከፍት ተረክቤዋለሁ። ምን ልበል? 300ውን መልሼ ጫንኩ።

ቀይሬ ስመለስ ሐምሌ 4 ሆኗል። በጀቱ ሰኔ 30 ተዘግቷል። ሞዴል 19 በዚያን ቀን ተቆረጠልኝ፣ ብሩ ግን ጥቅምት ላይ ገባ። እስከዚያ ባለዱቤው በሳምንት ሁለቴ ይደውልልኛል፤ ስልኬ ሲጮኽ ባለቤቴ ፊቴን ታያለች። ማዘግየት ቢባል አዘግይተዋል፣ በሩን የከፈትኩላቸው ግን እኔ ነኝ።

ስለዚህ ናሙና ስታስገቡ ሁለት አድርጉ፣ አንዱ እናንተ ጋ ይቅር፤ ዕቃ ስትገዙ ከሱ ጋር አስተያዩ። ከመጫናችሁ በፊት ደውላችሁ ኮሚቴው መሟላቱን አረጋግጡ። «ነገ ይቆረጣል» ብትባሉ ያቺን ነገ እዚያው እደሩና ጠብቋት። ሞዴል 19 ያልተቆረጠለት ዕቃ ለፋይናንስ አልደረሰም። ግንቦትና ሰኔ በጀት ለመጨረስ ሁሉም ስለሚሯሯጥ ሥራው ይበዛል፣ አደጋውም እዚያው ነው።

ዋጋ ስትሞሉ ሊመጣ የሚችለውን ጭማሪ አስቡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የኔ ዋጋ ታሽጎ ገብቶ ነበር። ቶነር ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ዶላሩ ሲወደድ እሱም ተወደደ፤ አሸንፌ አዘንኩ። ዋጋችሁ ጸንቶ የሚቆይበት ቀን ስንት እንደሆነ ሳታዩ አትፈርሙ፤ መሥሪያ ቤቱ የዕቃውን ብዛት 20 በመቶ የመጨመር መብት አለኝ የሚል ካለበትም ጭማሪውን በዚያው ዋጋ ነው የምታቀርቡት። ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያ ላይ ቀድሞ የሚቀነስ ግብር) ሲቆረጥባችሁ ደረሰኙን አትጣሉ፣ ከዓመቱ ግብር ላይ ይታሰብላችኋል። ስንቱ ነው እንደ ሻይ ቤት ሂሳብ አጣጥፎ የሚጥለው!

ኅትመቱ ላይ ያለኝ አንድ ነው፦ ናሙናውን ሳያስፈርሙ ማሽን አለማስነሳት። አንዴ 50 ጥራዝ ፎርም አትሜ ሳደርስ መሥሪያ ቤቱ ስሙን ቀይሯል። መቼም እነሱ ስም መቀየር አይደክማቸውም! ናሙናው ላይ የኃላፊው ፊርማና ማኅተም ስለነበረኝ ከፈሉኝ፤ ጥራዙን ጀርባውን ለረቂቅ ተጠቀሙበት መሰለኝ። የሽያጭ ደረሰኝ አትሙልን ቢሏችሁ ግን ገቢዎችን ሳትጠይቁ አትንኩት።

መክፈቻው ማስታወቂያው ከወጣ በ16ኛው ቀን 4 ሰዓት ከሆነ ፖስታውን በ15ኛው ቀን ሳጥን ውስጥ ክተቱ። ኦሪጅናሉና ኮፒው ላይ ስርዝ ድልዝ ካለ ፓራፍ (አጭር ፊርማ) አድርጉበት፤ ማኅተማችሁንም በየገጹ። ሲከፈት አንዳችሁ ተገኙና የሁሉንም ዋጋ ጻፉ፣ ለሚመጣው ዓመት ይጠቅማችኋል።